የዳማው ፈረስ ኮቴ በአመድ ላይ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ የተቃጠለ ኮቴ ሸተተኝ። የምኖርባት ከተማ ስዊድን ውስጥ ያለች፣ ባቡር ለአንድ አፍታ ቆሞባት የሚያልፍ ትንሽ ቦታ ናት። የልጅ ልጄ ፈረስ መጋለብ የምትማርበት ሜዳ በመንገዳችን ላይ ነው። አንድ ጎልማሳ የማኪናውን ኋላ ከፍቶ በጋዝ በምትነድ ምድጃ ብረት ያግላል። የፈረሱን እግር በሁለት ጭኖቹ መካከል አጥብቆ ይዞ የጋለውን ብረት ኮቴው ላይ ሲያሳርፈው ቢጫ ጢስ ቦለል አለ። ሽታውን ያልለመደ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ ቆሜ ቀረሁ። "አያቴ፣ አመመሽ?" አለችኝ ልጅቱ። "አይፋልን፣ የለም፣ ደህና ነኝ" አልኳት፤ ደህና ግን አልነበርኩም። ወዲያ ማዶ አስተማሪዋ እጇን የአንድ ፈረስ ትከሻ ላይ አስቀምጣ ሕፃናቱን ታስተምራለች። ምን እንደምትል ልጅቱን ጠየቅኋት። "ትከሻው ወደ ኋላ የተኛ ፈረስ የፊት እግሩን ርቆ ይዘረጋል፤ ትከሻው ቀጥ ብሎ የቆመ ግን እርምጃው አጭር ነው ትላለች" ብላ ተረጎመችልኝ። ይህን እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ አውቀው ነበር። ማወቄ ነው እስከ ዛሬ ግራ ያጋባኝ።

አባቴ አስመራ ውስጥ፣ መደበር፣ ፈረስ ጫማ አልባሽ ነበሩ። ባሻይ ክፍለ ይሏቸው ነበር። መደበርን ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርጌ እንደምነግረው አላውቅም፤ በአንድ ወገን ቀጥቃጮች አሮጌ በርሜል እየሰነጠቁ ምድጃ ያደርጉታል፣ በሌላው ወገን ከማኪና ጎማ ጫማ ይቆረጣል፣ በመሃል ወፍጮዎቹ በርበሬ በፈጩ ቁጥር ሠፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። ከቤታችን፣ ከቃሓውታ፣ በእግር ነበር የምንሄደው። ያን ጊዜ በከተማው ጋሪ ብዙ ነበር። ሰው ከጸጸራት ፌርማታ ተሳፍሮ ገበያ ይወርዳል፤ ታሪፉ አሥር ሳንቲም ነበር መሰለኝ፣ አሥራ አምስትም ሊሆን ይችላል፣ እንዳልዋሽ እፈራለሁ። ጊዜው የንጉሡ ጊዜ ነው። ባንዲራው ተቀይሮ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ገብቶ፣ አስተማሪያችን ከመረብ ማዶ የመጡ ነበሩ። ለዚህ ነው ይህን በአማርኛ የምጽፈው፤ ትግርኛ የቤቴ፣ አማርኛ የደብተሬ ነው። ስለ ፖለቲካው የሚያውቁ ይጻፉ። እኔ የማስታውሰው ከቡና ቤቱ ራዲዮ አንድ ጊዜ ክራር፣ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጥሩምባ ዘፈን ሲሰማ፣ አመሻሹ ላይ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ተኩሰው ከዘምባባዎቹ ሥር ወዲያና ወዲህ ሲሉ ነው። ዛሬ እዚህ ሰው አመሻሹ ላይ በሩን ይዘጋል።

የአባቴ ዋና ስማቸው ግን በሚያለብሱት ብረት አልነበረም፤ ፈረስ በማወቅ ነበር። ባለጋሪ ፈረስ ሊገዛ ሲል መጀመሪያ ለሳቸው ያሳያል። ፈረስ ሩጫው እግሩ ውስጥ ያለ ይመስላችኋል፣ ይሉ ነበር፤ ሩጫው የሚጀምረው ትከሻው ላይ ነው። ከትከሻው ጫፍ እስከ ደረቱ በመዳፋቸው ይለካሉ፤ አጥንቱ ወደ ኋላ የተኛ ከሆነ ክንዱ እንደ በር ሰፊ ይከፈታል፣ የቆመ ከሆነ ደግሞ እንደ መዶሻ መሬት እየመታ ይሄዳል። ቀጥለው ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ከኮቴው በላይ ያለችውን አጭር አንገት ይይዛሉ። እሷ ትንሽ ዘንበል ካለች የአስፋልቱን ምት ትውጣለች፤ ቀጥ ካለች ምቱ ወደ ላይ ይወጣና ፈረሱ ዓመት ሳይሞላው ያነክሳል። ጀርባው ከረዘመ ወገቡ ይወዛወዛል፤ የፊት ጣቱ ወደ ውጭ ካየ ሲሮጥ አንዱ እግሩ ሌላውን ይመታል። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር።

ታዲያ አባቴ የዓይን ሞራ ያዛቸው። መጀመሪያ አንዱን፣ ቆይቶ ሁለቱንም። ቀንና ሌሊቱን ይለያሉ፣ የሰው ጥላ ያያሉ፣ ከዚያ በላይ የለም። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ለዓይነ ስውር ጫማ አልባሽ ማን የፈረሱን እግር ይሰጣል? ብረቱን ለዓመታት የሠሩት በእጃቸው ስለሆነ ጣታቸው መንገዱን ያውቀዋል፤ የፈረሱንም አካል ከድሮም በመዳበስ ነው የሚያውቁት። ያስቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አመዱ።

አመዱ የሳቸው ብልሃት ነበር። ከሱቁ ጀርባ ደርቆ የተጠቀጠቀ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል የሚሆን ጠባብ መሬት አለ። የከሰሉን አመድ ነፍተን እዚያ ላይ እናለብሰዋለን፤ ፈረሱ ቀስ ብሎ ይሄድበታል፤ ከዚያ ዱካው ይነበባል። የኋላው ኮቴ የፊተኛው በረገጠበት ላይ ወይም ከዚያ አልፎ ካረፈ አካሉና እርምጃው ተስማምተዋል ማለት ነው። ወደ ኋላ ከቀረ፣ እጅ ያላገኘው ጉድለት አንድ ቦታ አለ። መሬቱ ለዓይን የማይታወቅ ቁልቁለት ስለነበረው ፈረስ የሚገባው ሁልጊዜ ከታች፣ ከወፍጮው በኩል ነው። "ቁልቁል የሚወርድ ፈረስ ራሱን ስለሚይዝ እርምጃውን ይደብቅብሻል" ብለው ገና አመድ መንፋት ስጀምር ነግረውኛል። ዓይናቸው ሲጠፋ ዱካውን የማነበው እኔ ሆንኩ። ልዩነቱን በጣቴ እለካና፣ እጃቸውን የሚጠርጉበትን ጨርቅ ሳቀብላቸው በጨርቁ ሥር እነግራቸዋለሁ። የጣታቸውን ጫፍ ከጫንኩ አልፏል፣ የመዳፋቸውን ሥር ከጫንኩ ቀርቷል፤ የጫንኩት ቁጥር የጣቱ ብዛት ነው። ገዢው ቆሞ የሳቸውን አፍ ያያል። የኔን እጅ የሚያይ አልነበረም።

የዚያን ዓመት ለትንሣኤ እናቴ ነጭ ጫማ ገዛችልኝ፤ ጎኑ ላይ የብር ዘለበት ያለው፣ ከካምቦሽታቶ ጎዳና፣ ሱቁ መስኮት ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሳየው የኖርኩት። በዓሉ ካለፈ በኋላም ማውለቅ አቃተኝ። መደበር አድርጌው ሄድኩ። አባቴ አላዩትም፤ እንዴት ያያሉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያ ቀን አለማየታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰይድ የመጣው ያን ቀን ነው። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፤ በሚገፋ ጋሪ የሰው ዕቃ እያመላለሰ ገበያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ አገር ቤት ናቸው። ፈረስ ገዝቶ ባለጋሪ ከሆነ ሊያመጣቸው ነው፤ ይህን የማያውቅ መደበር ውስጥ አልነበረም፣ በየቀኑ ለሁሉም ይነግራል። ፈረሱን ይዞት የመጣው ኣያ ገብራይ የሚባል ነጋዴ ሲሆን፣ ፈረሱ ዳማ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አንገቱ የቀጠነ፣ ሲያዩት የማያምር ነበር።

"ባሻይ፣ ወላሂ ዛሬ ካልገዛሁት ነገ ሌላ ይወስደዋል" አለ ሰይድ። "እርስዎ ግዛ ካሉኝ እገዛለሁ፣ ተው ካሉኝ እተዋለሁ። ከዚህ ሌላ ፈረስ የማውቅበት የለኝም።"

አባቴ ከመንገዱ ዳር ዳማውን ዳበሱት። ትከሻው ላይ እጃቸው ቆየ። ወደ ታች ወረዱ፣ ያችን አጭር አንገት ያዙ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ያዙ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ።

"አቤት፣ አቤት" አለ ኣያ ገብራይ። "ባሻይ፣ ፈረስ ነው የምትመርጠው ወይስ ለልጅህ ባል?"

"ለልጄ ባል ቢሆን ሻጩን ነበር ቀድሜ የምዳብሰው" አሉት አባቴ፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሱቁ በር ላይ ካለችው በርጩማቸው ሄደው ተቀመጡ።

እኔ አመዱን ላለብስ ወደ ጀርባ ዞርኩ። ታች፣ በወፍጮው በኩል፣ አንድ ካምዮን በርሜል ያራግፋል፤ ከሥሩ የወፍጮው እጣቢ ፈሶ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ማለፍ ይቻል ነበር። ካምዮኑን "ትንሽ ጠጋ በል" ማለት፣ ጭቃውን ተራምዶ ፈረሱን መቀበል ይቻል ነበር። ጫማዬን አየሁ። "ጋሽ ሰይድ፣ በላይ በኩል አምጣው!" ብዬ ተጣራሁ። እሱ ምን ያውቃል፣ በላይ አመጣው። በርሜል የሚቀጠቅጡት ሰዎች መዶሻቸው ጆሮ ይበጥስ ስለነበር አባቴ ኮቴው ከየት እንደመጣ የሚሰሙበት መንገድ አልነበረም።

ዱካውን ለካሁ። የኋላው ከፊተኛው አራት ጣት ቀርቷል። ጨርቁን ይዤ ሄጄ የመዳፋቸውን ሥር አራት ጊዜ ጫንኩ።

"አራት?" አሉ በሹክሹክታ።

"እወ፣ አራት።"

እጃቸውን አንድ ጊዜ ከፍተው ዘጉት፤ ያ እጅ ትከሻው የተኛ ነው ብሏቸው ነበር፤ ያ እጅ ይህ ፈረስ ይዘረጋል ብሏቸው ነበር። እኔ ደግሞ አራት ጣት ይቀራል አልኳቸው። እኔን አመኑ።

"ሰይድ ወንድሜ" አሉ፣ "ተወው።"

"ምን ተገኘበት ባሻይ?"

"እርምጃው ከአካሉ ጋር አይሄድም። የት ላይ እንደሆነ አላገኘሁትም፤ ያላገኘሁትን ደግሞ ግዛ አልልህም።"

ሰይድ የፈረሱን ግንባር አንድ ጊዜ አሻሸና "አልሐምዱሊላህ፣ አላህ በእርስዎ አተረፈኝ" ብሎ ሄደ። ያ "አተረፈኝ" ያለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ዳማውን በነጋታው አንድ ሌላ ባለጋሪ ገዛው። ከሳምንት በኋላ ጧት ጧት በመደበር በር እያለፈ ሰው ወደ ጸጸራት ያመላልስ ጀመር። ገና መዶሻዎቹ ሳይነሡ ነው የሚያልፈው፤ ኮቴው ጥርት ብሎ ይሰማል። አባቴ እሳቱን ማናፋት አቁመው አዳመጡ።

"ይህ የማን ፈረስ ነው፣ ጓለይ፣ የኔ ልጅ?"

"ዳማው ነው፣ አቦይ። ሰይድ የተወው።"

"ሊሆን አይችልም። ስሚው እንጂ፣ እንዴት እየዘረጋ እንደሆነ ስሚው።" ጋሪው እስኪርቅ ቆሙ። በሌላ ቀንም እንዲሁ፣ በሌላም ቀን። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወደኔ ዞረው በስሜ ጠርተው ጠየቁኝ። "ለተ፣ ያን ቀን ከየት በኩል ነበር ያስገባሽው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እምላችኋለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ላይና ታች የሚባለውን ነገር ከጫማዬ በቀር ከምንም ጋር አላያያዝኩትም ነበር። አንድ ቃል ነው የሚፈለገው። ሰይድ በዚያ ሰዓት ገበያ ውስጥ የሰው ጆንያ እየገፋ ነው። "ከላይ" ብል ስለ ጫማው መናገር አለብኝ፣ ሰይድንም ሄደን ይቅርታ መጠየቅ አለብን፣ ሰይድም ለሁሉም ይነግራል፤ ያን ጊዜ ዱካውን ያነበበችው ልጅቱ ናት፣ ባሻይ አያዩም ይባላል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አስቤው ነው ወይስ በኋላ ለራሴ የሠራሁት ምክንያት ነው? አላውቅም። "እንደወትሮው፣ ከታች" አልኳቸው።

"ከታች" አሉ። ሁለት እጆቻቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው፣ ምንም በማያዩበት ዓይን ተመለከቷቸው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ፈረስ አልመረጡም። ባለጋሪዎች ሲመጡ "እጄ ሸምግሏል፣ ሌላ ሰው ፈልጉ" ይሏቸዋል። ብረት ማልበሱንም ቀስ በቀስ ተዉት፤ እንደ ሌሎቹ ከበርሜል ምድጃ ይሠሩ ጀመር። ቆርቆሮ አይዋሽም፣ ይሉ ነበር። ሰይድ ፈረስ የገዛው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው። ልጆቹ ሲመጡ ትልቁ ቁመቱ ከሱ ትከሻ ደርሶ ነበር።

ለንስሐ አባታችን የተናገርኩት በቀጣዩ ዓቢይ ጾም ነው። ደግ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ያለ።

"ዋሽቻለሁ፣ አባ።"

"በማን ላይ?"

"በፈረስ።"

"በፈረስ? ሰርቀሽ ነው?"

"አይደለም፣ ከላይ ነበር የመጣው።"

"ፈረሱ ከሰማይ መጣ?" አሉኝ፤ እኔ አለቀስኩ፣ እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ግራ ገባቸው። እንደምንም አስረዳኋቸው። ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ "ስግደቱ ቀላል ነው፤ አንቺ ሂጂና ለአባትሽ ንገሪ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ስግደቱን ግን በራሴ ጨምሬ ሰገድኩ፤ የከበደውን ትቼ የቀለለውን አበዛሁ።

ዓመታት አለፉ። የአስተማሪነት ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ገብቼ፣ በክረምቱ ዕረፍት ወደ አስመራ ስመለስ አባቴ ሙሉ በሙሉ ቤት ውለው አገኘኋቸው። ቃሓውታ፣ ከበራችን ፊት፣ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዳማው በዚያን ጊዜ እንኳ ሳያነክስ ይሠራ ነበር፤ ከመጣሁ በሦስተኛው ቀን ጧት በሠፈራችን ሲያልፍ አባቴ ወሬያቸውን አቋርጠው ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ። የማይወዱት ሰው ያለፈ ያህል።

ያን ጊዜ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። ካምዮኑን፣ ጭቃውን፣ ጫማውን፣ በላይ በኩል አምጣው ማለቴን፣ ከታች ነው ማለቴን። "አቦይ፣ እጅዎ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኳቸው። እስከዚያ ድረስ ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ስንት ዓመት በልቤ ስለው ስለኖርኩ መጽሐፍ የማነብ ያህል ነበር። ምናልባት ያ ይሆን ያበላሸው?

አባቴ ፈገግ አሉ። "ማን ነገረሽ?" አሉኝ።

"ምኑን?"

"በእጄ ማዘኔን። እናትሽ ነች?"

"ማንም አልነገረኝም፣ አቦይ። እውነቴን ነው።"

"ጓለይ" አሉ፣ ፀጉሬን እየዳበሱ። "አንቺ ነጭ ጫማ አድርገሽ መደበር? ደግሞስ ስትዋሺ ሰምቼ አላውቅም። አሁን ለኔ ብለሽ አትጀምሪ።"

"በእመቤታችን..."

"ተይ!" ድምፃቸው ተለወጠ። እጃቸውን ከራሴ ላይ አነሡ። "በእመቤታችን ስም? አባትን ለማስደሰት? እጄ ሸምግሏል፣ አልቋል፤ እኔ ተቀብዬዋለሁ። አንቺ ደግሞ ለዚህ ብለሽ በሐሰት ትምያለሽ?" ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየተከተሉ በሩን አገኙት፤ ከመግባታቸው በፊት ቆሙ። "ነገ ጧት ሂጂና ንስሐ ግቢ" አሉኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ ሌላም ነገር ያጠራጥረኛል። የዚያ መሬት ቁልቁለት በርግጥ አራት ጣት ያህል ይለውጥ ነበር? ወይስ ዳማው ያን ቀን ከሩቅ መንገድ ደክሞ ነው የመጣው? ወይስ እኔ መልኩን ስላልወደድኩት ጣቴን አወፍሬ ለካሁት? ፈረስ የሚሄደው አጥንቱ እንደተሠራ ነው ብለው ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው፤ ትከሻው ካለ እርምጃው አለ። ሰውን ግን በምኑ ዳብሶ ማወቅ ይቻላል? ሐሰቴን በአንድ ቃል አመኑኝ፤ እውነቴን ከነዝርዝሩ፣ ከነመሐላው አላመኑኝም። እስኪሞቱ ድረስ አላነሣነውም።

በነጋታው ጧት ግን እንዳዘዙኝ ሄድኩ። ሽማግሌው የንስሐ አባታችን ገና ከቅዳሴ መውጣታቸው ነበር፤ አይተውኝ ደስ አላቸውና፣ "ለአባትሽ ነገርሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ነግሬያቸዋለሁ አልኩ። "ተመስገን! ታዲያ ዛሬ ምን ይዘሽ መጣሽ?" አሉኝ። ምን ይዤ እንደመጣሁ አላወቅሁም፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወደ ቤት ተመለስኩ።